«ከገደፍኩ አይቀር»፦ ከፋሲካ በኋላ የሚጠፋው ዳይት

የ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የገባ ዕለት፣ የካቲት 17፣ ሚዛን ላይ ወጣሁ። 93 ኪሎ። የፋሲካ ዋዜማ ደግሜ ወጣሁ። 86። ሰባት ኪሎ ሄዷል። ሱሪዬ ያለ ቀበቶ አልቆም አለ። ደብረ ማርቆስ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ምን ሆነሃል? ታመሃል እንዴ?» ይለኛል። ፊቴን ኮስተር አድርጌ «ኧረ ደህና ነኝ» እላለሁ። ውስጤ ግን ይጨፍራል።

ከዚያ ሚያዝያ 12 መጣ። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ዶሮ ወጥ። ረፋዱ ላይ በግ። ማታ ደግሞ የተረፈው ዶሮ ወጥ። ሰኞ ከጎረቤት ጎረቤት ስንዞር ዋልን። ማክሰኞ ጠዋት ፈራ ተባ እያልኩ ሚዛኑ ላይ ስወጣ 88.6 አለኝ። በሁለት ቀን 2.6 ኪሎ!

«በቃ፣ ተበላሸ» አልኩ። ከተበላሸ አይቀር ደግሞ ዳግም ትንሣኤ አለ። እሱ ሲያልፍ ቢቸና ሠርግ ተጠርቻለሁ። ከዚያ ደምበጫ ሌላ ሠርግ። መሐሉ ላይ ግንቦት ልደታ። «ለሰኔ ጾም እጀምራለሁ» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ሰኔ 1 ጰራቅሊጦስ ሆነ። በማግስቱ የሐዋርያት ጾም ሲገባ ተመዘንኩ። 91።

የእኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። ሰኔ ላይ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ስለ ቦርጭ የማያወራ የለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ቋንቋ ነው የሚያወራው። «ጥሩ ይዤው ነበር፣ ፋሲካ አበላሸብኝ።» እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ስሠራው ግን ፋሲካ ከክሱ ነጻ ወጣ።

ሂሳቡ ይኸው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በሁለት ቀን 2.6 ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነቴ ከሚያስፈልገው በላይ 20,000 ካሎሪ መብላት ነበረብኝ። እንዲያ የሚሆነው በጉን ብቻዬን ጨርሼው ከሆነ ነው። አልጨረስኩትም። ዘመድ ነበር። ብናጋንን ብናጋንን በዚያ እሑድ ከልኬ በላይ የበላሁት 2,000 ካሎሪ ቢሆን ነው። ያ ደግሞ በስብ ሲመነዘር ሩብ ኪሎ ይሆናል።

ታዲያ የቀረው ከየት መጣ? አብዛኛው ውሃ ነው። ከእንጀራና ከዳቦ የምናገኘው ጉልበት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ይቀመጣል። አንድ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። በጾም ሰሞን ጎተራው ይጎድላል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል። ድግስ ሲበላ ሁለቱም ይመለሳሉ። የወጡ ጨው ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ይይዛል። ገና ያልተፈጨውም ምግብ ይመዝናል። ይህ ሁሉ እንደ ልማድህ ስትበላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረጋጋል።

በነገራችን ላይ ይሄ ለሁለቱም ወገን የሚሠራ ሂሳብ ነው። በሁዳዴ ቀነስኩት ብዬ የፎከርኩበት ሰባት ኪሎም ሙሉ በሙሉ ስብ አልነበረም። መጀመሪያ ሳምንት ላይ የወረደው አብዛኛው ያው ውሃ ነው። ስንቀንስ ስብ፣ ስንጨምር ውሃ ብሎ ማሰብ ራስን መሸንገል ነው።

አሁን ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ወዳለው 50 ቀን እንምጣ። ከ86 ወደ 91 አምስት ኪሎ ነው። ሁለቱን ለውሃው እንተውለት። ሦስት ኪሎ ስብ ቀረ። ያ 23,000 ካሎሪ ነው። ለ50 ቀን ሲካፈል በቀን 460 ገደማ። 460 ካሎሪ ምን ያህል ነው? ወጥ ላይ የገባ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ ማታ አንድ ጠርሙስ ቢራ፣ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሁለት ብርጭቆ ሻይ። በቃ። ድግስ የሚባል ነገር የለበትም። ተራ ማክሰኞ ነው። ዳይቴን የበላው ፋሲካ ሳይሆን «ተበላሸ» ካልኩ በኋላ የመጡት 49 ተራ ቀናት ናቸው።

ይሄን ነገር የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ቀደም ብለው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ፒተር ኸርማን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር አንድ ብልጥ ሙከራ ሠራ። ተማሪዎችን ጠርቶ ለአንዳንዶቹ ወፍራም የወተት መጠጥ ሰጠ፣ ለአንዳንዶቹ አልሰጠም። ከዚያ «አይስክሬም ቅመሱና አስተያየት ስጡ» አላቸው። እንደፈለጉ መብላት ይችላሉ። ዳይት ላይ ያልነበሩት፣ ወተቱን ጠጥተው ከሆነ፣ አይስክሬሙን ቀነስ አድርገው በሉ። ጠግበዋላ። ዳይት ላይ የነበሩት ግን ወተቱን ከጠጡ በኋላ የበሉት ካልጠጡት በለጠ። ዳይቱ አንዴ ፈርሷል። ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል?

ኸርማንና የሥራ ባልደረባው ጃኔት ፖሊቪ ለዚህ ጠባይ በቀልድ መልክ የፈረንጅ ስም አውጥተውለታል። ስሙን መተርጎም አያስፈልግም። እኛ የራሳችን አለን፦ «ከገደፍኩ አይቀር።»

ግን እስኪ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቃሉን ከጾም ነው የወሰድነው። በጾም ጉዳይ ግን እንዲያ እናደርጋለን? ሁዳዴ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሰው ረስቶ ሻዩ ውስጥ ወተት ጨመረ እንበል። ይደነግጣል። ለንስሐ አባቱ ይናገራል። ማታ ሽሮውን ይበላል። «ሁዳዴዬ ለዘንድሮ ተበላሽቷል፣ ለከርሞ እጀምራለሁ» የሚል ጎጃሜ አይቼ አላውቅም። በጾም የተካንበትን መመለስ በዳይት ጊዜ ጨርሶ የማናውቀው ለምንድን ነው?

ብዙ አሰብኩበት። መልሱ የፈቃድ ጥንካሬ አይመስለኝም። ያው ሰው ነው። ልዩነቱ ጾም ውጪ ያለ ነገር መሆኑ ነው። ቀን መቁጠሪያ አለው። ረቡዕ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ሽሮ ነው፣ ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው፣ ጎረቤትም ጾመኛ ነው። ብትወድቅ እንኳ መንገዱ ራሱ እየጎተተ ይመልስሃል። ዳይት ግን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው የሚኖረው። ጭንቅላትህ «ተበላሸ» ካለ የሚመልስህ ማንም የለም። በዓለ ሃምሳ ደግሞ ያንኑ የረቡዕና የዓርብ ገመድ ይፈታዋል። 50 ቀን ሙሉ ጾም የለም። ከዚያ ላይ የጎጃም ሠርግ ይደረብበታል። በዓመቱ ውስጥ ለዳይተኛ ከዚህ የከፋ ወቅት የለም።

ከሱስ መላቀቅን ሲያጠና የኖረው አለን ማርላት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ አንድ መለያ አስቀምጦ ነበር። እንቅፋት ሌላ፣ መውደቅ ሌላ። አንድ ቀን መጠጣት እንቅፋት ነው። እንቅፋቱን ወደ ውድቀት የሚቀይረው መጠጡ ብቻ አይደለም። ሰውየው ስለዚያች ቀን ለራሱ የሚነግረው ታሪክ ጭምር ነው። «እኔ እኮ ድሮም ሰው አልሆንም» ካለ አለቀለት። «ዛሬ ጠጣሁ፣ ነገ አልጠጣም» ካለ ግን እንቅፋት ብቻ ሆኖ ያልፋል።

እዚህ ላይ ራሳችንን መውቀስ የምንወድ ሰዎች እንቃወማለን። «ራሴን ካልወቀስኩማ ልቅ እሆናለሁ!» እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ። ሴት ተማሪዎች ጣፋጭ ዶናት በሉ። ከፊሎቹ «ሁሉም ሰው እንዲህ ይበላል፣ በራሳችሁ አትጨክኑ» ተባሉ። ከዚያ ከረሜላ ቀረበላቸው። ምግብ ላይ ጥንቁቅ ከነበሩት መካከል ይህን ቃል የሰሙት ያነሰ በሉ። ጸጸቱ ራሱ ያስበላል ማለት ነው።

ለንደን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲይዙ ተከታተለ። ልማዱ ራሱን ችሎ እስኪሄድ በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። አንዳንዱ በ18 ቀን ያዘው፣ ለአንዳንዱ 254 ቀን እንደሚፈጅበት ተገመተ። ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን መሳት ልማዱን ይህ ነው የሚባል አልጎዳውም።

እሺ፣ ጭንቅላቱ ይስተካከል። ሰውነትስ? ሰውነት ሌላ ጣጣ አለው፣ እሱን ሳያውቁ መመለስ ይከብዳል።

ክብደት ስንቀንስ ሰውነታችን «ረሃብ መጣ» ብሎ ነው የሚረዳው። የሜልቦርን ተመራማሪዎች 50 ሰዎችን ለ10 ሳምንት ጥብቅ ምግብ ላይ አስቀመጧቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ጨመረ፣ የጥጋብ ምልክት የሚሰጠው ሌፕቲን ቀነሰ። ከአንድ ዓመት በኋላም ነገሩ ወደ ነበረበት አልተመለሰም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በቴሌቪዥን ውድድር በጥቂት ወር ብዙ ኪሎ የቀነሱ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ተመረመሩ። አብዛኞቹ ብዙውን መልሰው ጨምረዋል። ይባስ ብሎ ሰውነታቸው ዐርፎ ሲቀመጥ የሚያቃጥለው ካሎሪ ከሚጠበቀው በቀን 500 ያህል ያነሰ ነበር። ስለዚህ ከሁዳዴ በኋላ የሚመጣው ያ የሚያንገበግብ ረሃብ ስግብግብነት አይደለም። ሥራውን የሚሠራ ሰውነት ነው።

ለዚህ ነው ከድግስ ማግስት «ሁለት ቀን እህል አልቀምስም» የሚለው ቅጣት የማይሠራው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር በግማሽ ረሃብ ቆዩ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ሙከራው አልቆ እንደልባቸው መብላት ሲጀምሩ አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሞልቶም ረሃቡ አልለቀቃቸውም። እኔም በትንሹ ቀምሼዋለሁ። ከቢቸናው ሠርግ ማግስት ቁርስም ምሳም ዘለልኩ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ገብቼ የሠራሁትን ለባለቤቴም አልነገርኳት። ድስቱን ስታይ ግን አወቀች።

የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን የሚውጥ ሰውማ እንዲህ ያለውን ቅጣት ጨርሶ ማሰብ የለበትም። መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ መዝለል የደም ስኳርን በድንገት ይጥለዋል፣ ራስንም ያስታል። ነፍሰ ጡርም አራስም በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሉበትም። እነሱ በሐኪም ምክር ነው የሚሄዱት። ገበያ ላይ «በሳምንት አምስት ኪሎ» እየተባለ ስለሚሸጠው ሻይ ምንም አልልም። ያወጣሁትን ብር ሳስበው ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ሠርጉ። ቢቸና የሄድኩት የአክስቴ ልጅ ሲዳር ነው። ዳሱ ውስጥ ገና ሳልቀመጥ አክስቴ አየችኝ።

«አፈር ስሆን! ምን አግኝቶህ ነው እንዲህ የመነመንከው?»

«ደህና ነኝ እትዬ። ክብደት ልቀንስ ብዬ ነው።»

«ቀንስ ያለህ ማነው? ደግሞ ምን ክብደት አለህና! በል ተቀመጥ። ኧረ በሞቴ፣ ይችን ብቻ!»

ይችን ብቻ የተባለችው ጉርሻ የሕፃን ጭንቅላት ታክላለች። ከእሷ ቀጥሎ ደግሞ ሁለተኛዋ መጣች። ጉርሻ አንዱ ያጣላል እየተባለ።

አክስቴን አልወቅሳትም። የእኛ ሰው ክሳትን የሚያውቀው በክፉ ቀንና በበሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች ቀጫጮች ነበሩ። ከልክ በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ናቸው። በዚያ ጥናት ሸክሙ የሚያዘነብለው ወደ ማጣት ነበር። «ከሳህ» ሲሉህ እየሰደቡህ አይደለም፣ እያዘኑልህ ነው። «ወፈርክ፣ ተስማማህ» ደግሞ ምስጋና ነው። የፈረንጅ የዳይት ምክር ይህን አያውቅም። «አይ፣ አልፈልግም በል» ይልሃል። ቢቸና ዳስ ውስጥ አልፈልግም ብለህ እስኪ ሞክረው።

ሌላም ያልታየ ነገር አለ። ያደግኩት ገጠር ነው። አባቴ ፋሲካ ላይ ከእኔ የባሰ ነበር የሚበላው። ቅቤውም ያው፣ ጠላውም ያው። ቦርጭ ግን አልነበረውም። በበዓለ ሃምሳ መጨረሻ ገደማ ዝናቡ ሲጠጋ በሬ ጠምዶ ከጠዋት እስከ ማታ ያርሳል። ያ ሁሉ ቅቤ ለእርሻ የሚሆን ስንቅ ነበር። ድግሱ የገበሬ ድግስ ነው። እኔ ግን ድግሱን ይዤ፣ ሞፈሩን ትቼ፣ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከቤት እስከ ቢሮ ያለችውን ሃያ ደቂቃ እንኳ በባጃጅ ነበር የምሄደው። ስለዚህ ዳይታችን የሚፈርሰው ባህላችን መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የእኛ ሥራ ተቀየረ፣ ሳህኑ ግን አልሰማም።

ሰኔ 2 ላይ 91 ኪሎ ሆኜ እንደገና ስጀምር ከቀድሞው የለወጥኩት ብዙ አይደለም። መጀመሪያ የለወጥኩት የመመለሻውን ቀን ነው። ድሮ መመለሻዬ ሰኞ ነበር፣ ወይም የወር መጀመሪያ፣ ወይም የሚቀጥለው ጾም። አሁን የሚቀጥለው ማዕድ ነው። ምሳ ላይ ጮማ ከበላሁ እራቴ የተለመደው እራት ነው። የሚያካክስ ባዶ ሆድም የለም፣ «ዛሬማ አልቋል» የሚባል ነገርም የለም። በጣም ቀላል ይመስላል። ግን 50 ቀን ያተርፋል።

ሁለተኛ፣ ጾም በሌለበት ወቅትም ረቡዕና ዓርብን ሽሮና ጎመን አደረግኳቸው። በበዓለ ሃምሳ መጾም ስለማይፈቀድ ቅር ብሎኝ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ሽሮ መብላት ጾም አይደለም። ሽሮ መብላት ነው» አሉኝ።

ሦስተኛው ዘይቱ ነው፣ እዚህ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቻችን ጾም ራሱ ዳይት ይመስለናል። አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሁለት እንጀራ በዘይት ከራሰ ሽሮ ጋር፣ ማታ ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ፣ ከዚያ ዳቦ በሻይ። ይሄ ሁሉ የጾም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፣ የጾምም ሆነ የፍስክ። እኔና ባለቤቴ አንድ ቀን የአምስት ሊትሩ ጀሪካን የተከፈተበትን ቀን ግድግዳው ላይ ጻፍን። በ18 ቀን አለቀ። አምስት ሰው ነን። ስንሠራው በነፍስ ወከፍ በቀን 450 ካሎሪ ከዘይት ብቻ መጣ። ማንም የተራበ፣ ማንም የጠገበ አልመሰለውም። ባለቤቴ ሽንኩርቱን በትንሽ ውሃ አቁላልታ ዘይቱን ኋላ በማንኪያ እየለካች መጨመር ስትጀምር ያው ጀሪካን 30 ቀን ደረሰ። ልጆቹ ልዩነቱን አላወቁም። እኔ አውቄያለሁ፣ አልዋሽም። ለሁለት ሳምንት ያህል ወጡ ቀለለብኝ። ከዚያ ለመድኩት።

ድግስ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ብልሃት ነው እንጂ ጀግንነት አይደለም። ቁርስ በልቼ ነው የምሄደው። በባዶ ሆድ ዳስ የገባ ሰው ምክንያት አይሰማም። ከአሳላፊዎች መተላለፊያ ራቅ ብዬ ከሽማግሌዎች ጋር እቀመጣለሁ። እነሱ ቀስ ብለው ይበላሉ፣ ጨዋታቸውም ይጥማል። የጠላው ጣሳ ደግሞ አንድ ምሥጢር አለው። የጎደለ ጣሳ ይሞላል፣ የሞላ ጣሳ ግን አይጨመርበትም። ስለዚህ ፉት እያልኩ ሞልቶ እንዲቆይ አደርገዋለሁ። ጉርሻውን አልቃወምም፣ እበላለሁ። ከዚያ እኔም መልሼ አጎርሳለሁ። የሚያጎርስ ሰው አፉ ባዶ ነው። አረቄ ላይ ግን ድርድር የለም። አልኮል በግራም ሰባት ካሎሪ አለው፣ ከዚያም በላይ ሁለተኛዋ መለኪያ ያቀድኩትን ሁሉ ታስረሳኛለች።

እንቅስቃሴውን ባጭሩ ልለፈው። ድሮ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቼ እሮጥ ነበር። ባለፉት ዓመታት ባለው የጸጥታ ሁኔታ ያ ቀረ። አሁን በቀን፣ ሰው በሚበዛበት መንገድ፣ ከቢሮ ወደ ቤት በእግሬ እገባለሁ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ዳገቷም አይጠፋም። የጂም ገንዘብ ተረፈኝ።

የምመዘነው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ድግሱ ብዙ ጊዜ እሑድ ስለሆነ ውሃው እስኪወጣ አምስትና ስድስት ቀን ያገኛል። ክብደት ቀንሰው ያቆዩ ሰዎችን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሚመዘግብ አንድ የአሜሪካ መዝገብ አለ። እዚያ ለመግባት ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሶ አንድ ዓመት ማቆየት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይመዘናሉ፣ በቀን አንድ ሰዓት ያህልም ይንቀሳቀሳሉ፣ በብዛት በእግር ጉዞ። የምግባቸው ዓይነት ግን ይለያያል። ደስ ያለኝ ይሄ ነው። ስለ ሳልመንና ስለ ብሮኮሊ መጨነቅ ቀረልኝ። እኔ በስልኬ ያወረድኩት የዳይት ዝርዝር ላይ የነበሩት ምግቦች ግማሾቹ ጎጃም ገበያ ውስጥ የሉም። የአደት ጤፍ፣ የአዊ ድንች፣ ክክ፣ ጎመን፣ አይብ። ዝርዝሩን ከዚህ ጀመርኩት።

ደግሞ ስንት መቀነስ ያስፈልጋል የሚለውን አሳንሼዋለሁ። ድሮ ሕልሜ 75 ነበር፣ የዩኒቨርሲቲ ፎቶዬ ላይ ያለው ልጅ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር ሕመም የተጋለጡ ከ3,200 በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። በአንደኛው ቡድን ያሉት የአኗኗር ለውጥ እንዲያደርጉ ታገዙ። ግቡ ከክብደታቸው 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በዚህ ቡድን በስኳር የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ። ከ93 ላይ 7 በመቶ 6.5 ኪሎ ነው። እንዲያ ከሆነ እኔ ግቤ 86.5 ነው። አንዴ ደርሼበት የነበረ ቦታ ነው፣ መንገዱን አውቀዋለሁ።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀስ እያለ ወረደ። ሐምሌ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ፍልሰታ ላይ ረዳኝ። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ በላሁ፣ ማታ ጎመን በላሁ። ያች ቅዳሜ 87.8 ነበርኩ።

የ2018 መስቀል ቅዳሜ ዋለ። ቢቸና ሄድን። አክስቴ ከሩቅ አይታኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በዚህ ጊዜ ግን ተዘጋጅቻለሁ። ጠጋ ብዬ በጆሮዋ «እትዬ፣ ሐኪም ነው ቅባት ቀንስ ያለኝ» አልኳት። ውሸት አይደለም። ግፊቴን የለካኝ ሐኪም ብሎኛል። አክስቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ፣ «ለእሱ ጎመኑን አብዙለት! ታሟል ልጄ!» አለች።

ከዚያ በኋላ የተቀመጠው ሁሉ ተራ በተራ እየተነሳ መጣ። አንዱ ትከሻዬን ይዞ፣ ሌላዋ ግንባሬን ስማ፣ «እግዜር ይማርህ» ይሉኛል። አሜን እላለሁ። ጎመኑ ጥሩ ነበር።